ከመሃል አይጀመርም

መምህር በላቸው ውጤቱን ያነበበው ከደሴ ለብሶት የመጣውን ካፖርት እንኳ ሳያወልቅ ነበር። ኮምቦልቻ ከሚገኘው የመንግሥት እህል መጋዘን መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰዱ ሠራተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል። ጫኝና አውራጆች፣ አበጣሪዎች፣ ዘበኞች፣ ጆንያ ሰፊዎች ናቸው። ቀን ሲሠሩ ውለው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይማራሉ፤ ብዙዎቹ ከመምህሩ በዕድሜ ይበልጣሉ።

«ወርቅአፈራሁ፣ አልፈሻል» አለ። «ብሩ፣ አልፈሃል።» እንዲህ እያለ ወረደና አንድ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ፈገግ አለ።

«ጣይባ ሙሄዲን። ወድቀሻል።»

ጣይባ አንገቷን ደፋች። በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ቤቷ ሄዳ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። መምህር በላቸው ግን ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን አፋተገ።

«እንዴት እንደወደቀች ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። ደሴ የፈተናችሁ መምህር ጓደኛዬ ነው። አንዲት ሴት ፈተናው መሃል ታንጎራጉርብኛለች አለኝ። ዝም በይ ሲላት ዝም ትልና ደግሞ ትጀምራለች። ልታስኮርጅ መስሎት ጠጋ ብሎ ጆሮውን ቢጥል ምን ትላለች መሰላችሁ? ምግብ ከአፍ ወደ ጉሮሮ፣ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ እያለች መንዙማ ታወርዳለች!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጡት ጫኞች ወንበሩን በመዳፋቸው እንደ ድቤ መቱት።

«ሬዲዮ ናት፣ ወገኖቼ» አለ መምህሩ፣ ሳቁ ጋብ ሲል። «ሬዲዮ ሁሉን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን አይገባውም።»

የሳቀው ሁሉ ደግሞ ሳቀ። ጣይባም ከንፈሯን ከፈት አድርጋ የሳቀች መሰለች፤ ፊቷን ምን ላይ እንደምታሳርፈው ስላላወቀች ነው።

የነገራቸው ሐሰት አልነበረም። ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው።

ጣይባ የሼህ ሙሄዲን ልጅ ናት። አባቷ በቢስቲማ በኩል የታወቁ መንዙማ አውራጅ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሲጀምሩ እስከ ሱብሂ፣ እስከ ንጋቱ ሶላት የሚዘልቅ ቃል ከልባቸው ያወጡ ነበር እንጂ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ሁሉንም በዜማው ያዘችው። በዚያ ቤት ግን አንድ ሕግ ነበር፤ መንዙማ ከመሃል አይጀመርም። ከላይ፣ ከውዳሴው ተነሥቶ፣ አዝማቹን እየተቀበሉ፣ ቤት በቤት ነው የሚወረደው። ከመሃል ቆርጦ መጀመር ነውር ነው፤ እንግዳን በመስኮት እንደ ማስገባት ነው ይሉ ነበር አባቷ።

እሳቸው ከሞቱና ባሏም አሰብ ወደብ ልሥራ ብሎ ወርዶ በዚያው ከቀረ በኋላ፣ ጣይባ ኮምቦልቻ ወርዳ ጆንያ መስፋት ጀመረች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ፊደል ቆጠረች። ከዚያም የመጋዘኑ የሠራተኛ ማኅበር የማታ ትምህርት ሲከፍት ገባችና በጥርስ በጥፍሯ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። የምታውቀው የመማሪያ መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ሳይንሱን በአንድ ዜማ፣ ጂኦግራፊውን በሌላ ዜማ፣ የሒሳቡን ሕግ በሦስተኛ ዜማ አስገብታ፣ ጆንያ እየሰፋች ከላይ እስከ ታች ትወርደዋለች። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲጠይቃት አንድ ቃል አይቀራትም። እሱም ያን ጊዜ «ማሻአላህ በይኛ!» እያለ በቋንቋዋ ያሞግሳት ነበር።

ፈተናው ግን ከላይ አልጀመረም። የመጀመሪያው ጥያቄ ከትልቁ አንጀት ተነሣ፤ ሁለተኛው ስለ አባይ ገባሮች ጠየቀ፤ ሦስተኛው ወደ ሳንባ ዘለለ። ጣይባ ትልቁ አንጀት ጋ ለመድረስ ከአፍ መነሣት ነበረባት። ቢስሚላህ ብላ በሆዷ ጀመረች፤ አዝማቹ ሲመጣ ከንፈሯ አመለጣት። ፈታኙ ዝም አሰኛት። ካቆመችበት መቀጠል ስለማትችል እንደገና ከላይ ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ግማሹን ጥያቄ አላየችውም ነበር።

በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ ጫኞቹ ተቀበሏት።

«ሬዲዮ! ዛሬ ዜና የለም ወይ?»

«ኸረ መንዙማው ይቅደም!»

አልመለሰችላቸውም። ጆንያዎቹ የተከመሩበት ጥግ ሄዳ ተቀመጠችና ሲባጎውን በትልቁ መርፌ አስገባች። አጠገቧ የምትሰፋው ወርቅአፈራሁ ናት፤ ያለፈችው። ማለፏን ለመደበቅ ጠዋቱን ሙሉ ስለ ዋጋ መወደድ ስታወራ ቆየችና በመጨረሻ አልቻለችም።

«ተይው እቴ» አለቻት። «አፉ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም።»

«ልቡን ማን አየው? እኔ የሰማሁት አፉን ነው።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«እመለሳለሁ።»

«ጎሽ! ደግመሽ ማለፍ ነው።»

«ለማለፍ አይደለም። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እሱም ሰው ነው፤ ይሳሳታል። ሲሳሳት እይዘዋለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ወርቅአፈራሁ መርፌዋን አቁማ አየቻት። «የመምህርን ስሕተት ለመያዝ እኮ ከመምህር በላይ ማወቅ ያስፈልጋል፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ወላሂ አውቃለሁ» አለች ጣይባ።

ትምህርት በተከፈተ ቀን ከሁሉ ቀድማ ገብታ የፊተኛው አግዳሚ መሃል ላይ ተቀመጠች። መምህር በላቸው ሲያያት ቅንድቡን አነሣ።

«አንቺ ደግሞ ተመለስሽ?»

«ተመለስኩ።»

«ሞገዱ ተስተካከለ?»

አዲሶቹ ተማሪዎች ነገሩን ስለማያውቁት ተጠያየቁ፤ ጥቂት ቆይቶ እነሱም ሳቁ። በላቸው በአሥር ዓመት ያህል የሚያንሳት ሰው ነው፤ ከመጀመሪያውም «አንቺ» ይላት ነበር። ዱሮ አይሰማትም ነበር። አሁን እያንዳንዷን «አንቺ» ለብቻዋ ትሰማት ጀመር።

ስሕተቱን ለመያዝ ግን የዜማው መንገድ አልሆነም። እሱ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እሷ በሆዷ ከላይ ትነሣለች፤ እሷ ከምላስ ስትነሣ እሱ ጨጓራን አልፎ፣ ሰሌዳውን ጠርጎ፣ ስለ ጉበት ይጽፋል። ቢሳሳት እንኳ እስክትደርስበት ስሕተቱ ተጠርጓል። ፈተናው እንደጣላት ሁሉ ይህም ጣላት። አንድ ሳምንት ሙሉ ተናዳ ከረመች። ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ስትሰፋ፣ የተማረችውን ቃል ከታች ይዛ ወደ ላይ ለመሄድ የሞከረችው። ትልቁ አንጀት። ከእሱ በፊት ምንድን ነው? ለምን እዚያ ይመጣል? እዚያ ሳይደርስ ምን ቢሆን ነው? የአባቷን መንዙማ ያረከሰች መስሏት «አስተግፊሩላህ» አለች። አላቆመችም። ቃሉ ከዜማው ሲላቀቅ ባዶ ሆኖ አገኘችው፤ ብዙውን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ጨርሶ አታውቅም ነበር። ይህን ስታይ ደነገጠች። በላቸው በሰው ፊት የተናገረው እውነት መሆኑን ለራሷ አመነች። ማመኗም ይቅር እንድትለው አላደረጋትም፤ እንዲያውም ጠላችው።

ከዚያ ወዲያ ቀን ሥራዋ ላይ፣ ማታ ወንበሯ ላይ፣ የምታድነው የእሱን ስሕተት ነበር። ጥቅምት ሲያልቅ አንድ ያገኘች መሰላት።

በላቸው ሰሌዳው ላይ፣ ከዜሮ በታች ሦስት ከዜሮ በታች በሆነ ሁለት ሲባዛ ስድስት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ከዜሮ በታች አይደለም፤ ደህናው ስድስት።

ጣይባ ተነሣች። «ቲቸር፣ ተሳስተዋል።»

ዞር አለ። «የቱ ጋ?»

«ጉድለት በጉድለት ሲባዛ እንዴት ትርፍ ይሆናል? ድህነት በድህነት ቢባዛ ሀብት ሊሆን ነው?»

ክፍሉ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ ከእሷ ጋር። አንዱ ጫኝ «እንዲያማ ቢሆን እኛን የሚያህል ሀብታም የለም!» አለ። ጣይባ ሳቁን ለአፍታ ሞቀችው።

በላቸው ጠመኔውን ዘረጋላት። «እሺ፣ እኔ ልሳሳት። ትክክሉን ነይና አሳዪን።»

ሄደች። ጠመኔውን ያዘች። ሰሌዳው ፊቷ ላይ ጥቁር ሆኖ ቆመ። ከዜሮ በታች ስድስት ብላ ብትጽፍ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አለባት፤ ምንም አልነበራትም። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሳያርፍ ቀረ።

«ባትሪው አለቀ» አለ በላቸው፣ ጠመኔውን ከእጇ እየወሰደ።

በማግስቱ ጆንያው ጥግ ላይ ስትሰፋ ነገሩ አልለቃት አለ። ሳትወድ አሰበችው። ከዚህ ክምር በየቀኑ ሁለት ጆንያ ተሰፍቶ ይወጣል እንበል። ክምሩ ሁለት ሁለት ይጎድላል። ነገና ከነገ ወዲያ እያለ ወደፊት ከሄደ እየጎደለ ይሄዳል። ወደ ኋላስ? ከሦስት ቀን በፊት ክምሩ ከዛሬው በስንት ይበልጥ ነበር? እጇ ቆመ። በስድስት። የሚጎድለውን ነገር ወደ ኋላ ብትከተይው እየሞላ ይመጣል።

«ያረቢ!» አለች።

«ወጋሽ?» አለች ወርቅአፈራሁ።

«ወጋኝ።»

የወጋት መርፌው አልነበረም። እሱ ልክ ነበር።

ማታ በላቸው ገና ሲገባ «ጣይባ፣ ትክክሉን አመጣሽ?» አላት።

«ትክክሉን ትናንት ጽፈውት ነበር» አለች ሳትነሣ። «ያልነገሩን ለምን እንደሆነ ነው።» የጆንያውን ነገር በዝግታ አስረዳች። ከኋላ ያሉት «አሃ» ሲሉ ሰማች። በላቸው «ተቀመጪ» አለ፤ ተቀምጣ እንደነበር አላስተዋለም።

በሁለተኛው ቀን ሰባተኛ ክፍል የሚማር አንድ መዛኝ፣ መምህሩ ዛሬ ጥሩ ምሳሌ አምጥቶ አስተማረን ብሎ ስለ ጆንያ ክምር ነገራት። የማን እንደሆነ ነግሯችኋል ወይ አለችው። «የራሱ ነዋ» አላት። ይህንንም በልቧ ከ«ሬዲዮው» አጠገብ አስቀመጠችው።

አንድ ጊዜ በእርግጥም ያዘችው። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ብሎ ጻፈ። «ሃምሳ ስድስት» አለች። አጠፋውና አስተካክሎ ቀጠለ፤ ማንም ልብ አላለውም። ይህን ቀን ስትጠብቅ ስንት ወር ሆኗት ነበር፤ ሲመጣ ግን እንደ ፍርፋሪ ሆነባት። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ማንም ይሳሳታል። የዚያን ማታ ቤቷ ስትሄድ ሌላ ነገር ወሰነች። ስሕተቱን መያዝ አይበቃም። ስሟን ጠርቶ «ወድቀሻል» ያለበት አፍ፣ እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት፣ «አልፈሻል» ማለት አለበት። ሌላ ሰው ቢለው አይቆጠርም።

የካቲት ላይ በላቸው በደስታ እየተፍለቀለቀ ገባ። «ከመስከረም ጀምሮ ትገላገሉኛላችሁ» አለ። «ለዲፕሎማ ኮሌጅ ተመርጫለሁ። የቀረው የእናንተ የትምህርት ኮሚቴ ይልቀቀው ብሎ መፈረም ነው። የሐረጎን ዳገት በየቀኑ መውጣትና መውረድ በቃኝ!»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። ጣይባም አጨበጨበች፤ በልቧ ግን ወራቱን ትቆጥራለች። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ውጤቱ የሚመጣው መስከረም ላይ ነው። መስከረም ላይ እሱ እዚህ የለም።

ነገሩን ለወርቅአፈራሁ ስትነግራት ወርቅአፈራሁ ሲባጎውን በጥርሷ ቆርጣ ተፋችው።

«ያን ልጅ ለኮሌጅ ስንት ጊዜ ሳይመርጡት እንዳለፉት ታውቂያለሽ? እሱም እንዳንቺ መማር ፈልጎ እኮ ነው የሚቅበዘበዘው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔ ያልኩት እንዳይማር አይደለም። አንብቦልኝ ይሂድ።»

«ኮሌጅ አንቺን ይጠብቃል እንዴ?»

ጣይባ ጆንያውን ወደ ራሷ ሳበች። መርፌዋን አስገባች።

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው ግንቦት ላይ በዚያው አዳራሽ ተጠራ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ሞላልኝ ናቸው፤ ቃላቸውን እየቆጠሩ የሚናገሩ፣ እጀ ሙሉ ካኪ የሚለብሱ ሰው። በላቸው በጎን በኩል ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጧል። በመጀመሪያ ራሱን ሂስ አደረገ፤ አልፎ አልፎ እንደሚቆጣ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ቶሎ እንደማያመጣ ተናገረ። ከዚያ ሞላልኝ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ጓዶች፣ መምህር በላቸው ለኮሌጅ ይልቀቅ አይልቀቅ የሚለውን ኮሚቴው ዛሬ ይወስናል። ሂስ ያለው ይናገር። በተለይ...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለ ስብሰባና ስለ መፈክር ክፍል ውስጥ የተናገረው ነገር አለ ይባላል። የሰማ ሰው ሳይፈራ ያስረዳ።»

የተናገረው ነገር ነበር። በጥር ወር አንድ ማታ፣ በስብሰባ ምክንያት ትምህርቱ ሲቋረጥበት፣ «ከዚህ ሁሉ መፈክር አንድ ክፍልፋይ ብታውቁ ይሻላችሁ ነበር» ብሎ ነበር። ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም ረስቻለሁ ሊል ይችላል። ጣይባ ግን ቃሉን ከነአተነፋፈሱ ይዛዋለች።

ተነሣች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። በላቸው አላያትም፤ ጉልበቱ ላይ ያሉት እጆቹ ተቆላለፉ። ሞላልኝ ብዕራቸውን አነሡ።

«እሺ ጓድ ጣይባ። የሰማሽው አለ?»

በዚያ በክፉው ዘመን፣ ደሴ ውስጥ ከዚህ ያነሰ ቃል የተናገሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ ታውቃለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር። የሚቀጥለውን ደግሞ አየችው፤ ይወስዱታል፤ ያ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ መስከረም ላይ ሌላ ሰው ስሟን ይጠራል። እሱም ያለበት ሳይታወቅ፣ ማለፏን ሳይሰማ ይቀራል። እንዲህ ያለው በቀል ሰውየውን ይበላዋል እንጂ ለእሷ አይደርሳትም።

«በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ ሒሳብ ሲናገር ነው የሰማሁት» አለች።

በላቸው አየር ሲስብ እስከ እሷ ድረስ ተሰማት። ቀና ብሎ አያት። ከዓይኑ ውስጥ ምስጋና የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ጣይባ ገና አልጨረሰችም።

«ስለ መምህራችን ግን መናገር የምፈልገው አለኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ አምና ወድቄያለሁ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘንድሮ የሚገባኝን ያህል የገባኝ በዚህ ሰው ምክንያት ነው። በዝናብ ጊዜ ሐረጎ ጉም ለብሶ መኪና ሲቆም እንኳ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወርዶ አስተምሮናል። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።» እውነት ነበር፤ ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። «ስንሳሳት አይተወንም፤ እስኪገባን ያስቆመናል። እኔን ራሴን ስንት ጊዜ አስቁሞኛል።»

ጥቂቶች ሳቁ። በላቸውም ፈገግ አለ።

«አሁን ኮሌጅ ይሂድ ይባላል። እሱ ቢሄድ ይጠቀማል። እኛ ወዛደሮቹስ? ዘጠነኛ ክፍል ሊከፈት ነው እየተባለ፣ እንዲህ ያለ መምህር ከእጃችን ይውጣ? ለሰፊው ሕዝብ ትምህርት የሚቆረቆር ኮሚቴ፣ ለአንድ ሰው ዲፕሎማ ብሎ ይህን ሁሉ ሠራተኛ በትኖ ይልቀቀው?»

የበላቸው ፈገግታ በፊቱ ላይ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ልክ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ዘበኛ።

«አይለቀቅ!»

ጭብጨባው ከፊት ተነሥቶ እስከ በሩ ደረሰ። ሰዎቹ ከልባቸው ነበር የሚያጨበጭቡት፤ ወደውታል። ሞላልኝ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሊይዙት የመጡት ዓሣ በሌላ በኩል ቢወጣባቸውም፣ ሕዝቡ ተናግሯልና አልተከፉም። «እጅ አውጡ» አሉ። እጅ ወጣ። መምህር በላቸው ለተጨማሪ አንድ ዓመት ሠራተኛውን እንዲያገለግል ተወሰነ።

እሱም እንደ ሥርዓቱ ተነሥቶ «ስለ ተሰጠኝ እምነት አመሰግናለሁ» አለ። ድምፁ ደርቋል። ጣይባ ይህን ስትሰማ በእውነት ጣፈጣት። ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን እራቷን ደስ ብሏት በላች።

እስከ ፈተናው ድረስ በቀሩት ሳምንታት ሁለቱ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የሌለ ይመስል ተፋጠጡ። የሚከብደው ጥያቄ ሁሉ የእሷ ሆነ። ማስጠንቀቂያ የለም፤ በሩን ሲከፍት «ጣይባ፣ ደም ከሳንባ ተነሥቶ የት ይሄዳል?» ይላታል። ሰሌዳ እየጠረገ «ጣይባ፣ ሦስት አምስተኛ በመቶኛ ስንት ነው?» ይላታል። ከመሃል ነው የሚጠይቃት፤ ከመጨረሻ ነው የሚጠይቃት። ሊያደናቅፋት ነበር። ስትስት ሌሊቱን ታስብበትና በማግስቱ ራሷ እንዲጠይቃት ትጠብቃለች። ስትመልስ «ቀጥሎ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ሰኔ ላይ ፈተናው እንዳምናው ደሴ ሆነ። ዝናብ ነበር፤ ቶሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ያው ፈታኝ አወቃትና ሳይጠሩት መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ ጆሮውን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ። ጣይባ ከንፈሯን ገጠመች። አንድ ጥያቄ ላይ ዜማው ከሆዷ ሽቅብ ሲመጣ ተሰማት፤ አምና የጣላት ያው ዜማ ነበር። ምላሷን በጥርሷ ያዘችው። ጥያቄው የጠየቀው ስለ ትንሹ አንጀት ነበር፤ እሷም በቀጥታ እዚያው ገባች። ፈታኙ ጥቂት ቆሞ፣ የሚሰማው ሲያጣ፣ ሄደ። ደወሉ ሳይደወል ጨርሳ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝናቡን ስታይ ቆየች።

መስከረም ላይ መምህር በላቸው ውጤቱን ይዞ ገባ። አዳራሹ እንዳምናው ሞልቷል፤ ያለፉት የአምናዎቹም ዘጠነኛ ክፍል ሊመዘገቡ መጥተው ከኋላ ቆመዋል፤ ወርቅአፈራሁም አለች። ንባቡ ፈጣን ነበር። አንዱን ስም ከሌላው ሳይለይ እያያያዘ ወረደ፤ «...ደምመላሽ አልፈሃል፣ ጣይባ ሙሄዲን አልፈሻል፣ የሱፍ...»

ጣይባ ተነሣች። «አልሰማሁም።»

በላቸው ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ጣይባ ሙሄዲን፣ አልፈሻል» አለ።

«ከኋላ ያሉትም የሰሙ አልመሰለኝም።»

መንጋጋው ተንቀሳቀሰ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል፣ «ጣይባ ሙሄዲን፣ አልፈሻል!» አለ።

«ሰምተናል እቴ! ቢስቲማም ሰምቷል!» ብሎ አንዱ ጫኝ ጮኸ። ክፍሉ ሳቀ። ወርቅአፈራሁ እልል አለች። ጣይባ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ ያሰበችው ይህን ነበር፤ አልጎደለም። እንዳሰበችው ነበር፤ ሙሉ ነበር።

ሰው ሲወጣ እሷ ቀረች። በላቸው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ደጋግሞ ያስተካክላል።

«አውቀሽ ነው አይደል?» አላት ሳያያት። «ግንቦት ላይ።»

«አውቄ ነው።»

«ዛሬ ኮሌጅ ተከፍቷል። አብረውኝ የተመረጡት ትናንት ገቡ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሞላልኝ ሲጠይቅሽ ያን ነገር ብትናገሪ ኖሮ...» ወረቀቶቹን ተዋቸው። «አልተናገርሽም። ከዚያ ደግሞ ይህን አደረግሽ። አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

«ውጤቴን እርስዎ እንዲያነቡልኝ የፈለግሁ ሰው ነኝ።»

ከውጭ የጭነት መኪና ወደ አሰብ መንገድ ሲታጠፍ ተሰማ።

«በሚመጣው ግንቦት እንዲለቁዎት እናገራለሁ» አለች። «ቃሌ ነው።»

«በምን አምንሻለሁ?»

«አይመኑኝ። እኔም እርስዎን አላምንም።»

በላቸው ሊስቅ የቃጣው መሰለ፤ አልሳቀም። ካፖርቱን አነሣ። «ጨረስን?»

«አልጨረስንም። ማለፌን ነው ያነበቡልኝ። በየትምህርቱ ስንት ስንት እንዳመጣሁ አላነበቡልኝም።»

ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ካፖርቱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ ጣለና ወረቀቱን ገለጠ። አማርኛን አነበበ። እንግሊዝኛን አነበበ፤ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሷም አንገቷን አልደፋችም። ኅብረተሰብን፣ ሳይንስን አነበበ። ጣይባ የምታየው አፉን ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከዚያ ሲወጣ እንደሚከፈላት ዕዳ ትቀበለዋለች።

ሒሳብ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ። ቁጥሩን አነበበና፣ ሳትጠይቀው፣ ደገመው። «ከመጋዘኑ ማንም ይህን አላመጣም» አለ። ለእሷ አልነበረም የሚናገረው፤ ቁጥሩን እያየ፣ የገዛ ልጁ እንዳመጣለት ሰው ፊቱ ፈክቶ ነበር።

ይህን አላዘዘችውም። ድሉ የእሷ ብቻ መሆን ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ቁጥሩን እያየ ድርሻውን ይወስዳል። ወረቀቱን ከእጁ ልትነጥቀው ቃጣት። አምና የነበረው ንዴት እንደገና ሽቅብ መጣ።

«ዘጠነኛን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት?» አለች።

«እኔ ነኝ። አንቺው ነሽ ያስቀረሽኝ።»

«እንግዲያው ነገ ፊት ወንበር ላይ ነኝ» አለችና ወጣች።